ትራክተር ላይ የሚሰቀል የግንድ መፍለጫ፦ በአንድ የኮምቦልቻ ማገዶ ግቢ የታየ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የማገዶ ግቢ አለ። ባለቤቱን ሐጂ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚሁ ነው። ዋና ደንበኞቻቸው ዳቦ ቤቶች ናቸው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላቸውም ቢሆኑ መብራት ሲጠፋ ወደ እንጨቱ ስለሚመለሱ ትእዛዙ አይቋረጥም። ከእነሱ ቀጥሎ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ከዚያም የሠርግና የሰደቃ ድግስ ያለባቸው ቤቶች ይመጣሉ። ግቢው ውስጥ 75 ፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተርም አለ። በእርሻ ወቅት ቃሉ ሜዳ ላይ በኪራይ ያርሳል፤ የቀረውን ጊዜ ጥላ ሥር ቆሞ ይውላል።

ትራክተሩን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ አንድ ቀን አስጠሩኝ። «ይህን ሁሉ ጉልበት አቁሜ በምሳር ማስፈለጤ ምን የሚሉት ነገር ነው?» አሉኝ። ስልካቸው ላይ አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ የላከላቸው ፎቶ ነበር። ባለ ሃይድሮሊክ የግንድ መፍለጫ ነው፤ ከሥሩ በትልቁ «30 ቶን» ተብሎ ተጽፏል። ለመግዛት ጨርሰው ስለነበር ከእኔ የፈለጉት ምክር ሳይሆን ምርቃት ነበር።

እኔ ግን ከማሽኑ በፊት እንጨቱን እንይ አልኩ።

እንጨቱ ከደሴ ዙሪያና ከኩታበር በአይሱዙ የሚመጣ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገር ውስጥ የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ የወሎን ደጋ ጓሮ ሞልቶታል። ደጋው ላይ የሚበዛው ነጩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ቀዩ ይበረክታል። ቀጥ ብሎ ያደገው ለአጠና፣ ለቋሚና ለማገር ስለሚሸጥ ማገዶ ነጋዴ እጅ የሚገባው ሌላው ያልፈለገው ነው፦ የአሮጌ ዛፍ ግርጌ፣ መንታ የወጣበት፣ የተጠማዘዘ፣ ቋጠሮ የበዛበት፣ ጉቶ። ሻጮች በሚልኩት ቪዲዮ ላይ መፍለጫው እንደ ዳቦ የሚቆርሰው ለስላሳና ቀጥ ያለ ግንድ ሐጂ ግቢ አይደርስም። ስለዚህ ማሽኑ የሚመረጠው በክምሩ ውስጥ ባለው በክፉው እንጨት ልክ ነው።

ከክምሩ አንድ ጉማጅ መርጠን ለካን። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ነው። ይዘቱ ሲሰላ 0.14 ሜትር ኩብ ይመጣል። እርጥብ ነጭ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውሃ ስለማያንስ ያ አንድ ጉማጅ ከ140 ኪሎ አያንስም። አሁን ፎቶውን እንደገና አየነው። የማሽኑ አግዳሚ ብረት ሰው ወገብ ላይ ይደርሳል፤ እንጨቱ ተነስቶ እሱ ላይ መጋደም አለበት። «ይህን ማን ያነሳዋል?» ስላቸው ሐጂ ሁለቱን የጉልበት ሠራተኞች አዩ፤ ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ። ፎቶው ከዚያ በኋላ አልተከፈተም ማለት ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ግንድ ቁሞ የሚሠራ መፍለጫ ያስፈልጋል፦ ሲሊንደሩ ከላይ ሆኖ ሽብልቁን ወደ ታች ይገፋል፣ እንጨቱ መሬት ላይ በተቀመጠ ወፍራም የብረት እግር ላይ ይቆማል፣ ሰው ጉማጁን ያንከባልላል እንጂ አያነሳም።

የ30 ቶኑ ሒሳብ

ቶን የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። የመፍለጫ ጉልበት ከሁለት ነገር ይወለዳል፤ አንዱ የሲሊንደሩ ስፋት ሲሆን ሌላው ዘይቱ የሚገፋበት ግፊት ነው። ስፋቱ የማሽኑ ነው፤ ግፊቱ ግን ዘይቱን ከሚሰጠው ትራክተር ይመጣል። አስመጪው የላከው ዝርዝር የውስጥ ወርዱ 125 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ይላል። የፒስተኑ ፊት 122.7 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። በ250 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ከተገፋ በእርግጥ 30 ቶን ያልፋል። የሐጂ ትራክተር ግን በቡክሌቱ መሠረት 180 ባር ላይ ሲደርስ ትርፉን ግፊት ያስተነፍሳል። በ180 ባር ያው ሲሊንደር 22 ቶን ገደማ ይገፋል። ሻጩ አልዋሸም፤ የተናገረው ስለ ሌላ ትራክተር ነው እንጂ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ፍጥነቱ ነበር። ትራክተሩ ለውጭ መሣሪያ የሚሰጠው ዘይት ሞተሩ ሙሉ ዙሩ ላይ ሲሆን በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ማገዶ ለመፍለጥ ሞተሩን በሙሉ ዙር የሚያስጮኽ ሰው ናፍጣ በነፃ የሚያገኝ መሆን አለበት። በሦስት አራተኛው ዙር ቢሠራ የሚገኘው 30 ሊትር ነው። 125 ሚሊ ሜትሩ ሲሊንደር 60 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 7.4 ሊትር ይፈልጋል፤ በዚህ ዘይት ወደ 15 ሰከንድ ይፈጃል። ወርዱ ወደ 110 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ጉልበቱ 17 ቶን ይሆናል፣ የሚፈልገው ዘይት 5.7 ሊትር ነው፣ መውረጃው ከ12 ሰከንድ በታች ይገባል። ወደ 100 ቢወርድ 14 ቶን ይቀራል፤ ለደረቅና ለቋጠሮ እንጨት እሱ ያንሳል ብዬ ፈራሁ። 110ሩን መረጥን።

የሞተሩ ጉልበት ግን ጉዳይ እንኳ አልነበረም። በ180 ባር 40 ሊትር ዘይት መግፋት 12 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 16 ፈረስ ጉልበት ያህል ነው። የ75 ፈረሱ ትራክተር አይሰማውም። ሰው «ትራክተሬ ትልቅ ነው፣ መፍለጫውም ትልቅ ይሁን» የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መጠየቅ ያለበት ሞተሩ ስንት ፈረስ እንደሆነ ሳይሆን ፖምፓው በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ነው።

ምን ላይ እንሰካው?

ትራክተር ላይ የሚሰቀል መፍለጫ ጉልበቱን ከሦስት ቦታ ሊያገኝ ይችላል። በጣም ርካሹ ሃይድሮሊክ የሌለው ነው፤ ብሎን የመሰለ ሾጣጣ ብረት በቀጥታ ፒቲኦ (ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው የሚዞር ዘንግ) ላይ ይገባና እየዞረ እንጨቱ ውስጥ ይሰረስራል። ሐጂ ዋጋውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ይህ ግቢዎ እንዳይገባ አልኳቸው። ሾጣጣው ነክሶ የያዘው ጉማጅ ካልተሰነጠቀ ራሱ መዞር ይጀምራል። ጓንት ወይም እጅጌ ከያዘ አይለቅም፤ ማቆሚያው ደግሞ ያለው ትራክተሩ ወንበር ጋ ነው። ለዚህኛው ምክሬ አጭር ነው፦ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ።

ሁለተኛው የራሱ ፖምፓና የራሱ የዘይት ጋን ያለው ነው። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር ይዞራል፤ ይህ ለማርሽ ፖምፓ ዝግ ስለሚል በመሐል ዙሩን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ማርሽ ይገባል። በአንድ ዙር 32 ሲሲ የሚሰጥ ፖምፓ እንዲህ ሆኖ በደቂቃ 50 ሊትር ያመነጫል። የትራክተሩን ዘይት አይነካም፣ ከትራክተሩ ፖምፓም ይፈጥናል። የትራክተሩ ፖምፓ አነስተኛ ቢሆን ኖሮ (በደቂቃ ከ20 ሊትር የማያልፉ አሉ) እኔም ይህን እመርጥ ነበር። ችግሩ ዘንጉ ነው። 540 ዙር ማለት በሰከንድ ዘጠኝ ነው። የእኛ አገር ሠራተኛ ደግሞ ሽርጥ ይታጠቃል፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ይጥላል፣ በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ይደርባል። የሽርጥ ጫፍ አንዴ ዘንጉ ላይ ከተጠመጠመ «አቁም!» ብሎ ለመጮህ ጊዜ የለም። የፕላስቲክ መሸፈኛው አዲስ ሲገዛ አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሰብሮ ተጥሎ የማላየው ትራክተር ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ተመረጠ፦ መፍለጫው ከኋላ በሦስቱ ክንዶች ይያዛል፣ ዘይቱን በሁለት ቱቦ ከትራክተሩ ይወስዳል፣ የሚዞር ዘንግ የለውም። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ትራክተር ላይ የሃይድሮሊኩና የካምቢዮው ዘይት አንድ ነው። በቱቦ አፍ የገባች አሸዋ ፖምፓውን ብቻ ሳይሆን ማርሹንም ታገኘዋለች። ሲሊንደሩና ቱቦዎቹ ሲሞሉም ከትራክተሩ ስድስት ሊትር ያህል ስለሚጎድል መፍለጫው ከተሰካ በኋላ ዘይቱ እንደገና ተለክቶ መሞላት አለበት።

ኮምቦልቻ ላይ ማሠራት

ሐጂ ከውጭ የሚመጣውን ትተው ከተማው ውስጥ ባለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለማሠራት ወሰኑ። ሲሊንደሩና ቫልቩ ተገዙ፤ የቀረው በኤች ቢም (የኤች ቅርጽ ባለው ወፍራም ብረት)፣ በወፍራም ላሜራና በብየዳ ይሠራል። ሐሳቡን ደገፍኩት። ኮምቦልቻ ብረት የሚያውቅ ከተማ ነው፤ ፋብሪካዎቿ ብዙ በያጅና ቶርኖ ሠራተኛ አፍርተዋል። የመለዋወጫ ነገርም አለ፤ የተበጠሰ ጓርኒሲዮን ለማግኘት አዲስ አበባ መደወል የለብህም።

ቫልቩን ስንገዛ አንድ ነገር አጥብቀን ጠየቅን። የሐጂ ትራክተር ፖምፓ ሞተሩ እስካለ ድረስ ዘይት ሳያቋርጥ የሚገፋ ነው። እንዲህ ላለው ትራክተር የመፍለጫው ቫልቭ ማንም ሳይነካው ሲቆም ዘይቱን በመሐሉ አሳልፎ ወደ ጋን የሚመልስ መሆን አለበት። መሐሉ ዝግ የሆነ ቫልቭ ከተገዛ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፣ ትራክተሩ ሥራ በፈታበት ደቂቃ ሁሉ በማስተንፈሻው እያፏጨ ይግላል፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ፖምፓ ይበላል። ሁለቱ ቫልቮች መደርደሪያ ላይ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የጠየቀ ብቻ ነው።

የወርክሾፑ ሥራ በጠቅላላው ጥሩ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ተቸገርን። ሽብልቁ ወደ ታች ሲገፋ 17 ቶኑን ሁሉ የሚቀበለው ከታች ያለው የብረት እግር ነው። ጉልበቱ ከቢሙ ፊት ለፊት ወጣ ብሎ ስለሚያርፍ እግሩን ከቢሙ ለመገንጠል ይጥራል። በያጁ እግሩን ዙሪያውን በይዶ ተወው። ሥራ ከጀመርን ብዙም ሳንቆይ ብየዳው ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። መጀመሪያ ያያት ሾፌሩ ነው፤ የዝገት መስመር መስላው በጣቱ ሲጠርጋት ከሥሯ ዘይት ሰርስሮ ወጣ። ሥራው ቆመ። ስንጥቁ በሞላ ተበልቶ ወጣ፣ እንደገና ተበየደ፣ ከእግሩ ወደ ቢሙ ግራና ቀኝ ባለ ሦስት ማዕዘን ወፍራም ላሜራ ተደገፈ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ለሚያሠራ ሰው የምለው ይህን ድጋፍ ውል ላይ ያጽፍ ነው፤ ሽብልቁንም ከባሌስትራ ብረት ሲያሠራ በያጁ ብረቱን ሳያሞቅ እንዳይበይደው ይንገር። ባሌስትራ ቀዝቃዛውን ከተበየደ ጠርዙ ላይ ተሰብሮ ይወድቃል።

ከመነዳሪው

የመፍለጫ ዋናው አደጋ እጅ ነው። ሽብልቁ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ቀስ ማለቱ ያዘናጋል እንጂ አያድንም። ለዚህ ነው የአውሮፓ ደረጃ መፍለጫው በሁለት እጅ ብቻ እንዲሠራ የሚያዘው። ሁለት ማንሻዎች አሉ፤ ሁለቱም ካልተጫኑ ቫልቩ አይከፈትም፣ አንዱ ከተለቀቀ ይቆማል። ሁለቱ እጆች ማንሻው ላይ ከሆኑ ሽብልቁ ሥር የሚገባ እጅ የለም። የእኛም እንዲሁ ተሠራ፤ ከውሃ ቧንቧ የተሠሩ ሁለት ማንሻዎች በአንድ መጋጠሚያ ቫልቩን ይጎትታሉ።

አንድ ከሰዓት ሳልጠራ ስሄድ ግራው ማንሻ በከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ በቀኝ እጁ ማንሻውን ይዟል፣ በግራው ጉማጁን ደግፏል፤ ጣቶቹ ከሽብልቁ አንድ ስንዝር አይርቁም። ሐጂ ተቆጡ፣ «ከሥራ ትወጣለህ» አሉ። ልጁ ግን የተናገረው እውነት ነበር፦ «ጋሼ፣ እንጨቱ አይቆምም እኮ። ሁለት እጄን ማንሻ ላይ ካደረግኩ ጉማጁን ማን ይይዘዋል?»

ጉማጁን አየሁት። ግርጌው በሰያፍ ተቆርጧል። እግሩ ላይ ሲቆም ይወላገዳል፣ ሽብልቁ ሲነካው ይገለበጣል። ልጁ የደኅንነት ትምህርት አልጎደለውም፤ የጎደለው እንጨቱን የሚይዝለት ነገር ነው። በማግስቱ ሁለቱ ማንሻዎች ላይ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ፣ ጥርስ ያላቸው ክንዶች ተበየዱ። ማንሻዎቹ ሲጫኑ ክንዶቹ ጉማጁን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። ሁለት እጅ ማንሻው ላይ ማድረግ እንጨቱን መያዣ ሆነ፤ አንዱን ማንሻ ማሰር ሥራውን የሚያከብድ እንጂ የሚያቀል አልሆነም። ከመነዳሪው ከዚያ በኋላ ታስሮ አላየሁትም። ቅጣትና ማስጠንቀቂያ ይህን የሚያህል ሥራ አይሠሩም ብዬ ነው የማምነው። ሞተር መጋዝ የያዘው ሰውም ጉማጁን ቀጥ አድርጎ እንዲቆርጥ ተነገረው፤ እሱ የሚቆጥባት ደቂቃ መፍለጫው ላይ አሥር ደቂቃ ታስከፍላለችና።

ሌሎቹን ሕጎች በአጭሩ ልበል። ማንሻውን የያዘው ሰው ብቻ ነው እንጨቱን የሚያስቀምጠው፤ ሁለት ሰው አንድ ሽብልቅ ላይ አይሠራም። ቱቦ የሚያፈስበት ቦታ በእጅ አይዳሰስም፤ በካርቶን ነው የሚፈለገው። በ180 ባር ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ላዩ የመርፌ ጫፍ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ወዲያውኑ ሐኪም የሚያስፈልገው ጉዳት ነው። ቱቦዎቹ እንዳይቀያየሩ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ ተቀብተዋል፤ ግፊቱ በመመለሻው በኩል ከገባ ቫልቩን ያፈነዳል። የቱቦዎቹ አፍ ሲነቀል ወዲያው በክዳን ይዘጋል፤ ክዳኑ ከጠፋ ቢያንስ በንጹሕ ፌስታል ይታሰራል። የማገዶ ግቢ መሬት ሁሉ ሰጋቱራ ነው፤ ያ ብናኝ ዘይት ሲነካ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሳይጠረግ የተሰካ ቱቦም ሁሉንም ይዞት ይገባል።

አባባ

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ግቢው ውስጥ በምሳር የሚፈልጡ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዳንዶቹ አሁን የሉም፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ ልክ አይሆንም። ሁለቱ ወደ መደርደርና መጫን ተዛወሩ። ከሁሉም የሚበልጡት አዛውንት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ማሽኑን ለጥቂት ቀናት ከሩቅ ቆመው አዩት። ልጁ አንድ ቋጠሮ የበዛበት ጉማጅ መሐሉ ላይ ሽብልቁን አሳርፎ ሲጭን ሞተሩ አቃሰተ፣ ቫልቩ ማፏጨት ጀመረ፣ እንጨቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጁ ማንሻውን እንደያዘ ጸና። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዘይቱ ሳይሠራ በማስተንፈሻው ሲያልፍ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው። ከአራት አምስት ሰከንድ በላይ መያዝ የለበትም።

አባባ ተጠጉ። «ልቡን አትምታው» አሉት። «ከቅርፊቱ ጀምር፣ ዳር ዳሩን ግፈፈው። ልቡ በኋላ ራሱ ይሰጥሃል።» ጉማጁን አዞሩለት፤ ሽብልቁ ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ አራት ጣት ያህል ገብቶ እንዲያርፍ አደረጉ። ጠፍጣፋ ፍልጥ ተገንጥሎ ወደቀ። አዞሩት፣ ሌላ ወደቀ። መሐል የቀረውን ቀጭን ልብ ማሽኑ ያለ ድምፅ ከፈለው። «አብሽር፣ እንጨት ሁሉ በር አለው» አሉትና ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ክፉው ጉማጅ ሁሉ መጀመሪያ ለእሳቸው ይቀርባል፤ የሽብልቁን ማረፊያ በከሰል ያሰምሩበታል፣ ልጁ በመስመሩ ላይ ያሳርፋል። ደመወዛቸውም ጨመረ፤ ሐጂን ስለዚህ አመሰግናለሁ።

አባባ ያሳዩት በባሕር ዛፍ ላይ በደንብ ይሠራል። የዚህ ዛፍ ጭረቱ ስለሚጠላለፍ መሐል ለመሐል መክፈል ከባድ ነው፤ ዳሩን መግፈፍ ግን ጉልበት አይፈጅም። ሌላው ነገር ጊዜው ነው። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ይፈለጣል። ግንዱ ሳይፈለጥ ከርሞ ከደረቀ እንደ ብረት ይጠነክራል፣ የሐጂ 17 ቶንም የሚያቃስተው ያኔ ነው። ባለ አራት ክንፍ ሽብልቅም ተሠርቶ ነበር፤ በአንድ ግፊት ለአራት ይከፍላል። ቀጥ ላለ ቀጭን ጉማጅ ጥሩ ነው። ለቋጠሮው ሲገባ ግን ይነክስና እንጨቱን ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። አሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ አንዳንዴ ይወጣል።

ሰከንድ የሚጠፋበት ቦታ

ሐጂ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ደጋግመው የጠየቁት «ለምን አይፈጥንም?» ነበር። ሰዓት ይዘን አየን። ሽብልቁ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ 12 ሰከንድ፣ ሲመለስ 8 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እርጥብ እንጨት ግን ሽብልቁ አንድ ስንዝር ሳይገባ ነው የሚከፈተው፤ እስከ ታች ማውረድ ሥራ መፍታት ነው። ከዚያ የከፋው መመለሻው ነበር። ለእንጀራ ጋጋሪዎች የሚቆረጠው ጉማጅ 35 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ሽብልቁ እስከ 60 ይወጣል፣ እንደገና 25 ሳንቲ ሜትር በባዶ አየር ይወርዳል። በያጁ ዘንጉ አጠገብ በብሎን የምትጠብቅ ማቆሚያ ሠራ፤ እንደ ጉማጁ ርዝመት ከፍና ዝቅ ትላለች። አንዲት ብሎንና ቁራጭ ላሜራ የማሽኑን ጊዜ በአጭሩ እንጨት ላይ ግማሽ ያህል ቆረጡት። ትልቅ ፖምፓ ለመግዛት የሚወጣ ገንዘብ ይህን ያህል አያመጣም ነበር።

የቀረው ጊዜ የሚጠፋው ማሽኑ ላይ አይደለም። ጉማጅ ማንከባለል፣ ፍልጥ ከእግር ሥር ማንሳትና መደርደር ነው። ሦስት ሰው ሆነው፣ ጉማጁ በአንድ በኩል ቀርቦ በሌላ በኩል ፍልጡ የሚነሳ ከሆነ፣ በሰዓት ሁለት ሜትር ኩብ ያህል የተደረደረ ፍልጥ ይወጣል። ሁለት ሰው ሲሆኑ በጣም ይወርዳል። ናፍጣው በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው። ናፍጣ ወረፋ ባለበት ቀን ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ሐጂ ለእርሻ ያጠራቀሙትን ጀሪካን ለማገዶ አይከፍቱም፣ ትክክልም ናቸው።

መፍለጫውን ወደ እንጨቱ ወይስ እንጨቱን ወደ መፍለጫው የሚለውም ተነስቶ ነበር። እርጥብ ግንድ ግማሹ ውሃ ስለሆነ ደጋ ላይ ፈልጦ አድርቆ መጫን ለመኪናው ይሻላል የሚል ሐሳብ ከሾፌሩ መጣ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ትራክተሩ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ቁልቁለት ላይ ቆሞ መሥራት አለበት ማለት ነው። ባለ ሦስት ክንዱ መፍለጫ ተዳፋት ላይ አይቆምም፤ ቁሞ የሚሠራ ስለሆነ ጭራሽ ይንጋደዳል። ፍልጡም ቢሆን በኮምቦልቻ ሙቀት ነው ቶሎ የሚደርቀው። ስለዚህ ማሽኑ ግቢው ውስጥ ቀረ፣ እንጨቱ በማዘዋወሪያ ፈቃዱ እየወረደ ይመጣል።

የማያልቀው ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። በልግ ሲገባ ትራክተሩ ለእርሻ ይፈለጋል፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌም እንዲሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የመውቂያ ጊዜ ነው። ማገዶ የሚፈለጥበት ምርጥ ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ ወር ሲጀምር ነው፤ በጥቅምት የተፈለጠ እንጨት በበጋው ፀሐይና ነፋስ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ለዳቦ ቤት ይደርሳል። ያን ጥቂት ሳምንት ትራክተሩ ከማገዶው ውጭ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ሐጂ ወስነዋል። በክረምት የሚፈለጠው ሸራ ሥር ነው የሚደረደረው፤ ዳቦ ጋጋሪዎቹም ይህን ያውቃሉ፣ ዋጋ ይከራከሩበታል።

አሁን ሐጂ የሚጠይቁኝ ትራክተሩ ለእርሻ ሲወጣ መፍለጫውን በትንሽ የናፍጣ ሞተር ማሠራት ይቻል እንደሆነ ነው። ገበያ ላይ ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር 12 ፈረስ ሞተር 9 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 18 በመቶ ያህል ያጣል፤ የፖምፓው ብክነትም አለ። የሚተርፈው 6 ኪሎ ዋት ገደማ በ180 ባር በደቂቃ 20 ሊትር ይገፋል፤ ሽብልቁ ለመውረድ 17 ሰከንድ ይፈጃል። በአንድ ደረጃ ፖምፓ ሰው ትዕግሥቱን ይጨርሳል። ባለ ሁለት ደረጃ ፖምፓ ከተገኘ ግን ሽብልቁ እንጨቱን እስኪነካ በዝቅተኛ ግፊት ብዙ ዘይት እየሰጠ ያፈጥነዋል፣ እንጨቱ ሲከብድ ራሱ ወደ ከፍተኛ ግፊትና ጥቂት ዘይት ይለወጣል። ለዘይቱም ቢያንስ 40 ሊትር የሚይዝ ጋንና መመለሻው ላይ ፊልትሮ ያስፈልጋል። የፖምፓውን ዋጋ ከሦስት ሱቅ ጠይቀናል፤ ሐጂ ከመውቂያው በኋላ ይወስናሉ።